በምራቂ የተወሰዱ ፊቶች

ቅዳሜ ነበር። ወንድሜ ሙሄ ስቱዲዮውን ከፈተ፤ አቧራው እንዲያርፍ በራፉ ላይ ውሃ ረጨ፤ ኮቱን ከሚስማሩ አወረደና አራግፎ መልሶ ሰቀለው። ኮቱ የማንም አልነበረም። ጥቁር ነው፤ ትከሻው በፀሐይ ነጥቷል፤ ገበሩ ተተርትሯል። ያኔ ከሚሴ ውስጥ ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ወንድ ሁሉ የሚለብሰው ያንን ኮት ነበር። ከላይ ኮት፣ ከታች ሽርጥ። ፎቶው ከደረት በታች ስለማይወርድ ማንም ግድ አልነበረውም። አራት ጉርድ በሃያ ብር፣ ላሚኔት በአምስት ብር ነበር። ትልቅ የሠርግ ፎቶ ከነፍሬሙ ስንት እንደነበር ዘንግቼዋለሁ። ኮቱን አልዘነጋሁም፤ የቀኝ ኪሱ የተቀደደ እንደነበር እንኳ አስታውሳለሁ።

ይህን ያነሳሳብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት የልጄን የልደት ሰርተፍኬት ላሚኔት ላስደርግ ቀበሌው ፊት ለፊት ካለች አንዲት ሱቅ ገባሁ። ልጅቷ ማሽኑን ሰካች። ሲሞቅ ሽታው መጣ፤ የጋለ ፕላስቲክ፣ ትንሽ የሚጣፍጥ፣ ጉሮሮ የሚይዝ። «ጋሼ፣ ጨርሻለሁ እኮ» ስትለኝ ነው ቆሜ እንደቀረሁ ያወቅሁት። የሙሄ እጅ ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የሚሸተው። ሳሙና አያስለቅቀውም። ለምሳ ሲመጣ እናታችን «መጀመሪያ ፕላስቲክህን ታጠብ» ትለው ነበር። ስቱዲዮዋ ከዋናው መንገድ ወደ ገበያው በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ነበረች። በቀኝ በኩል ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚሞላ ልጅ ነበር፤ ጠዋት መንዙማ ይከፍታል፣ ከሰዓት የፍቅር ዘፈን። በግራ በኩል ሴቶች ሸንኮራ አጋድመው ይሸጣሉ። ወደ ደሴ የሚወጣ ከባድ መኪና ሲያልፍ መስታወታችን ይንቀጠቀጣል። ዛሬ እዚያ ቦታ ሞባይል ይሸጣል። በዚያ ሳልፍ ምንም አይሰማኝም። ሰው አያምነኝም እንጂ ያኔም ብዙ አልተሰማኝም። እንዴት ልበለው፤ ተኝተህበት እንደ ደነዘዘ እጅ ነው። እጅህ እንዳለ ታየዋለህ፤ የአንተ መሆኑን ግን አታውቅም።

ሙሄ የሚኖረው በጉርድ ፎቶ ነበር። የሚወደው ግን ሌላ ነበር። ደሴ አንድ የሥዕል መምህር ወዳጅ ነበረው፤ ከእሱ የሚዋሳቸው መጻሕፍት ውስጥ ፊት ብቻ ያለባቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ነበሩ። አንዱን ገጽ ገልጦ ረጅም ጊዜ ያያል። «አሊ፣ እስኪ ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ይለኛል። «አዝኖ ነው» እለዋለሁ። «አይደለም። አዝኖ ጨርሶ ነው። ልዩነቱ ዓይኑ ሥር አለ፣ እይ።» አየዋለሁ። አንዳንዴ ይታየኛል፣ አንዳንዴ እንዲያው አዎ እለዋለሁ። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር፤ ፎቶ በመቀስ መቁረጥ እንጂ ማንሳት አልችልም።

«ሰው ካሜራ ሲያይ ፊቱን ይለብሳል» ይል ነበር ሙሄ። «ይበቃል ስትለው ያወልቀዋል። እኔ የምፈልገው ሲያወልቀው ነው።» ስለዚህ እንዲህ ያደርግ ነበር። ለመታወቂያ የሚሆነውን ያነሳና «አበቃ፣ መነሳት ይቻላል» ይላል። ሰውየው ትንፋሹን ይለቃል፤ ትከሻው ይወርዳል፤ ዓይኑ ወደ ራሱ ሐሳብ ይመለሳል። ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ይጫናል። ካሜራው ቅድምም ሲጮህ ስለነበር ማንም ልብ አይልም። እነዚያን ፎቶዎች ምራቂ ይላቸው ነበር፤ የእህል ነጋዴ ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ በእፍኙ ጣል እንደሚያደርጋት ጭማሪ ማለቱ ነው። ጥቁርና ነጭ አድርጎ በትልቁ ያትማቸውና ከመጋረጃው በስተጀርባ ይሰቅላቸዋል። የባጃጅ ሾፌሮች ነበሩ፣ የቢሮ ሰዎች፣ ተማሪዎች፣ ከሰንበቴ ገበያ ግመል ሸጠው የመጡ ሰዎች። አንዲት ሙሽራ ነበረች፣ ባሏ ጫማውን ሊያስር ሲጎነበስ የጀርባውን አንገት እያየች። የእሷን ሳይ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አፍር ነበር። የማያገባኝ ቤት በሩ ተከፍቶ ያየሁ ይመስለኛል።

ማክሰኞ ደሴ ሊወስዳቸው ነበር። መምህሩ አንድ አዳራሽ ለሦስት ቀን አግኝቶለታል፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ሰው እየዞረ ሊያያቸው ነው። ሙሄ ለዚያ ቀን አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ ነበር፣ ሰማያዊ።

ያን ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ ከድጃ መጣች። እህል ተራ ማሽላ ትሸጣለች፤ እናታችን የምትሸምተው ከእሷ ነው። ባለፈው ሳምንት ለቀበሌ መታወቂያ የተነሳችውን ጉርድ ልትወስድ ነው። ተጫዋች ናት፤ ከሩቅ ሳቋ ይሰማል።

«አካም ቡልቴ አሊ! ውጤቱ መጣ ወይስ አሁንም ወንድምህን ትበላለህ?»

«አልመጣም እትዬ።»

«እሰይ። እስኪመጣ ብላው።»

ሙሄ ሌላ ሰው እያነሳ ነበር። እሷ ሻሿን ልታስተካክል ከመጋረጃው ኋላ ወዳለው መስታወት ገባች። ሳቋ ቆመ። ቆየች። ከዚያ ወጣችና ፎቶ ሲነሳ የነበረው ሰው እስኪሄድ ጠበቀች።

«ሙሄ፣ ይቺ ከመስታወቱ አጠገብ ያለችው ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ እትዬ።»

አልመሰላትም። ተመልሳ አየች። እኔም መጋረጃውን ይዤ አየሁ። ልጇ ሰዓዳ ዓረብ አገር ከሄደች ዓመት አልፏት ነበር፤ ከረመዳን ወዲህ ደግሞ ድምጿ ጠፍቷል። እትዬ ከድጃ ይህን አታወራም። የጠየቃትን ሁሉ «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» ብላ በሳቅ ትሸኘዋለች። ፎቶው ላይ ግን ሌላ ሰው ነበረች። ዓይኗ የሆነ በር ላይ ያረፈ ይመስላል። ከንፈሯ ትንሽ ተከፍቷል፤ ሰው ሊጠራ ሲል እንደሚከፈተው።

«እንዲህ ሆኜ ነው እንዴ ሰው ፊት የምሄደው?»

«አይደለም እትዬ። አንድ አፍታ ናት።»

«ታዲያ ያችን አፍታ ማን ውሰድ አለህ?»

«ምራቂ ናት እኮ። ከሁሉም የምትበልጠው ያንቺ ናት፣ ወላሂ።»

«ምራቂ ባለቤቱ ወዶ ሲሰጥ ነው። እጅ ከትቶ ከሰው ጆንያ መውሰድ ሌላ ስም አለው። አውርዳት።»

«ደሴ ትታይና ረቡዕ ከነፍሬሟ በእጄ አመጣልሻለሁ።»

«ደሴ! ደሴ እህቴ አለች! እሷ ሳታየው የኖረችውን ልታሳይልኝ ነው?»

ሙሄ ሊያወርዳት እጁን ዘረጋ። አየሁት። የፎቶዋን ጠርዝ ነካ። ከዚያ እጁን መለሰ። ያችን ፎቶ ይወዳት ነበር። ሰው የሚወደውን ነገር ሲነካ እጁ ይታወቃል። «እትዬ፣ ሦስት ቀን ብቻ» አለ።

ጉርዶቿን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፤ ከመቀነቷ ብሩን ፈትታ አስቀመጠች። «አላህ አይቷል» አለች። «አውፍ አልልህም።»

እኛ ዘንድ ይህ ቃል ቀላል አይደለም። ሰው በሰው ላይ ያለውን ሐቅ ባለሐቁ ራሱ አውፍ ብሎ ይቅር ካላለው ሞት እንኳ አያወርደውም። ይዞት ይሄዳል። እሷ ከሄደች በኋላ ሙሄ ብሩን መሳቢያ ውስጥ ከተተ። ሜሞሪ ቤቱ ዘፈን ሲለውጥ ሰምቶ «ይህ ልጅ ከዚህ ሌላ የለውም?» አለ። ከዚያ «ሰኞ እህል ተራ ሄጄ እለምናታለሁ። ታውቀኛለች፣ ትስቃለች» አለኝ።

«አሁን ለምን አታወርዳትም?»

«እሷን ካወረድኩ የሌሎቹን ማን ፈቀደልኝ? ሁሉንም ላወርድ ነው።» ወደ መጋረጃው አየ። «ነገ ሰንበቴ እሄዳለሁ። የሰቀልኩት ፊት ሁሉ አዘነብኝ እኮ አሊ። አንድ የሚስቅ ሰው ያስፈልገኛል። ገበያ ቀንቶት የሚስቅ።»

ማታ መንገድ ላይ ማንጎ ገዛ፤ ከሻጯ ጋር ስለ ዋጋው ተጨቃጨቀ፤ ተሸነፈ። እየበላን ወደ ቤት ሄድን። ጭማቂው ክርኑ ድረስ ወረደበት። ሌላ ያለው ነገር የለም። ቢኖርም አላስታውስም። ብዙ ጊዜ ፈልጌዋለሁ።

እሁድ ከሰንበቴ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ተርፈዋል። የነገረኝ አንድ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ስቱዲዮው በር ላይ አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ነገረኝ። ሞተሩን ለምን አያጠፋም ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት ይህንን ነው። ካሜራው አልተገኘም። የሚስቅ ሰው አግኝቶ እንደሆነ አላውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርነው። ሁሉም ነገር ፈጣን ነበር፤ አጠቡት፣ ከፈኑት፣ አወጡት። አጎቴ ሐሰን እጄን ይዘው ፊት አቆሙኝ። ሰው ብዙ ነበር፤ ግማሹን በጉርድ ፎቶው ነው የማውቀው። ጀናዛው ላይ ከመሰገዱ በፊት ሼኹ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ጀመዓ! በወንድማችን ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ እዚሁ ይናገር። ቤተሰቡ እዚህ አለ። የሌላችሁም አውፍ በሉት።»

«አውፍ ብለናል! አላህም አውፍ ይበለው!» አለ ሕዝቡ። እንደ ነጎድጓድ ነበር።

እኔ አላልኩም። እነሱ የማያውቁትን አውቅ ነበርና። አውፍ ከሚሉት መካከል ከመጋረጃው ኋላ የተሰቀሉ ነበሩ፤ የተወሰደባቸውን ሳያውቁ ነው አውፍ የሚሉት። እትዬ ከድጃ ደግሞ አልነበረችም፤ ሴቶች ቀብር አይወጡም። የአጎቴን እጅ ሳብ አደረግሁ።

«የሌለ ሰው ቢኖርስ?»

«ሕዝቡ ብሏል። አብሽር ልጄ» አሉኝ።

ቤት ስንመለስ እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። ለቅሶዋ ደርቋል። አጠገቧ ስደርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«ሐቅ ተጠየቀለት?»

«ተጠይቋል።»

«ሁሉም አውፍ አሉት?»

«ሁሉም» አልኩ።

ፊቷ ትንሽ ላላ አለ። አልሐምዱሊላህ አለች። ያን ጊዜ እንኳ አላለቀስኩም። ዋሸሁ ብቻ።

ሰኞ ሱብሒ ከሰገድን በኋላ የስቱዲዮውን ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። ማንም አልጠየቀኝም። በሩን በግማሽ ከፍቼ ገባሁና ከመጋረጃው ኋላ ያሉትን አንድ በአንድ አወረድኩ። በባዶ ማዳበሪያ ከተትኳቸው። የእትዬ ከድጃን በእጄ ያዝኩ። ውጪ ሸንኮራ ሻጮቹ አይተውኝ ተነሱ፤ አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ አሉኝ፤ አሜን አልኳቸው። እህል ተራ ስደርስ እትዬ ከድጃ ጆንያዋን ገና መክፈቷ ነበር።

«አካም ቡልቴ» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ብድግ አለች። «አንተ! ለቅሶ ቤት ትተህ እዚህ ምን ትሠራለህ? እኔ ይኸው ሰው እስኪመጣልኝ ነው፣ ልመጣ ነው።»

ፎቶውን ሰጠኋት። «አውፍ በይው» አልኩ።

ተቀበለችኝ። አላየችውም፤ ማሽላው ላይ ደፋችው። ፊቴን ግን አየችኝ፣ ቆየች።

«እናትህ ይህን ታውቃለች?»

«ሁሉም አውፍ ብለዋል ብያታለሁ።»

«ዋሽተሃታል።»

«አዎ።»

«ይህ ማዳበሪያ ምንድን ነው?»

አስቀመጥኩት። ጎንበስ ብላ አንዱን አወጣች፣ ሌላውን አወጣች። «ይህ የኛ ሰፈር ባጃጅ ነጂ ነው። ይህ የወፍጮ ቤቱ ነው። ይቺ… ውይ አስካለ። ውይ አስካለ!» ቀና አለች። «እነዚህም ሁሉ አያውቁም?»

«አያውቁም።»

ጆንያዋን አጥፋ ለጎረቤቷ «አደራሽን» አለቻት። ማዳበሪያውን በአንድ ጆሮው ያዘችና «ኮቱ!» አለችኝ፤ ና ማለቷ ነው። ሄድን።

መጀመሪያ ባጃጅ ተራ ነበር። እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ነበረች የምትናገረው። «ሙሄ ሳይነግርህ ፊትህን ወስዶ ነበር። ይኸው ተመልሷል። አውፍ በለው።» ልጁ ፎቶውን ወደ ብርሃን ዘወር አደረገው።

«ይሄ እኔ ነኝ? ወላሂ አባቴን መስያለሁ!»

«አባትህ ያምር ነበር። አንተ ቀርቶብሃል። በል አውፍ በል።»

«ሺህ ጊዜ ብያለሁ። ልውሰደው?» ወሰደው። መሪው አጠገብ አቁሞት ሄደ።

ወፍጮ ቤቱ ያለው ሰው ግን ዱቄት የለበሰ እጁን ጠርጎ ተቀበለንና ብዙ አላየውም። ለሁለት ቀደደው። ከዚያ ለአራት። «አላህ ይዘንለት። አውፍ ብያለሁ» አለ፤ ቁራጩን ኪሱ ከተተና ወፍጮውን አስነሳ። ለምን እንደ ቀደደው አልጠየቅነውም። መብቱ ነው። እትዬ አስካለ ቀበሌው በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ የቢሮ ጡረተኛ ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ አውልቀው ደግመው አዩት። «ባለቤቴ የሞተ ሰሞን ነው» አሉ። «እንዲህ ያለ ፊት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። እኔ ይቅር ብያለሁ ልጄ፤ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር።» ፎቶውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዙት። ሙሽራዋ ከባሏ ጋር አዲስ አበባ ገብታለች አሉን፤ እናቷ ተቀበለችንና በስልክ አገናኘችን። ከስልኩ ውስጥ አውፍ ስትል ሰማሁ። እንዲህ እያልን ሄድን። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዱ «ሌላ ኮፒ የለም?» አለን። የሰንበቴዎቹ አልተገኙም። የእነሱ ዛሬም ቤቴ አሉ። ሰንበቴ በሄድኩ ቁጥር ይዣቸው እዞራለሁ፤ አንድ ሁለቱን ሰጥቻለሁ። ሁሉም አርጅተዋል፤ ፎቶው ላይ ያለው ግን ያው ነው።

ፀሐዩ ሲበረታ ማዳበሪያው ቀልሎ ነበር። ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው መንገድ ስንደርስ ድንኳኑ ታየን። ቆምኩ። የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ጠዋቱን በሙሉ ሌላውን አውፍ ስታሰኝ፣ ራሷ አንድ ጊዜ እንኳ አላለችም።

«እትዬ፣ አንቺስ?»

ሻሿን አጥብቃ አሰረች። የራሷን ፎቶ ከነጠላዋ ሥር ይዛ ነበር፤ እህል ተራ ትታው የመጣች መስሎኝ ነበር። ቀድማኝ ወደ ሴቶቹ ድንኳን ገባች። በመግቢያው ቆሜ አየኋቸው። እናቴ ፊት ተንበረከከች።

«ፋጡማ፣ ልጅሽ የኔ ሐቅ ነበረበት። ትናንት አልተጠየቅሁም። ዛሬ አንቺ እየሰማሽ አውፍ ብዬዋለሁ። ሌሎቹም ብለዋል፣ አብሬው ዞሬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

እናቴ ወደኔ አየች። ሁሉም ያልኳትን አስታውሳ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወደ እሷ ዞረች።

«የምን ሐቅ ነበረሽ?»

እትዬ ከድጃ ፎቶውን ከነጠላዋ አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠቻት። እናቴ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው፤ ዓይኖቿ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሄዱ።

«ሰዓዳ አልደወለችም?» አለች።

«አልደወለችም» አለች እትዬ ከድጃ። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

እናቴ ከፍራሹ ላይ ፈቀቅ አለችና ቦታ ሰጠቻት። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፎቶው እናቴ ጭን ላይ ነበር። እኔ ባዶውን ማዳበሪያ አጣጥፌ በግድግዳው ሥር አስቀመጥኩ፤ እጄን ታጠብኩ፤ ወደ ወንዶቹ ድንኳን ሄድኩ። አጎቴ ሐሰን አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰው መምጣት ጀምሮ ነበር። ለሚገባው ሁሉ እየተነሳሁ ተቀበልኩ።